እርሳስን ወርቅ ማድረግ ይቻላል፤ አልሆን ያለው ሂሳቡ ነው

በሜይ 2025 ሳይንቲስቶች እርሳስን (ብረቱን ማለቴ ነው) ወደ ወርቅ ቀየሩ የሚል ዜና ዓለምን አዳርሶ ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዜናው ውሸት አልነበረም። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ከመሬት በታች በተዘረጋው፣ ሰርን በተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ተቋም ግዙፍ የቅንጣት ማፋጠኛ ላይ የሚሠራው የአሊስ ቡድን እርሳስ ወርቅ ሲሆን በመሣሪያ ለክቶ፣ ውጤቱን ፊዚካል ሪቪው ሲ በተባለው መጽሔት አሳትሟል።

አብዛኛው ዜና የዘለለው ቁጥሩን ነው። ከ2015 እስከ 2018 በነበረው የሥራ ዙር፣ በአራቱ ትላልቅ ሙከራዎች የተፈጠረው የወርቅ ኒውክለስ (የአቶም እምብርት) 86 ቢሊዮን ገደማ ነው። ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ሲመዘን ግን 29 ፒኮግራም (የግራም ትሪሊዮንኛ) ብቻ ነው። አንድ ግራም ለማግኘት ያንኑ የዓመታት ሥራ 34 ቢሊዮን ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። በሌላ መንገድ እናስላው ካላችሁም፣ አሊስ የሚገኝበት የግጭት ቦታ ቢበዛ በሰከንድ 89 ሺህ የወርቅ ኒውክለሶችን ያወጣል። በዚህ ፍጥነት ያለ እረፍት ቢሠራ አንድ ግራም የሚሞላው ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያውም ወርቁ ቢቆይ ነው። አይቆይም። በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ከቧንቧው ግድግዳ ወይም ከመከላከያው ጋር ይላተምና ይበታተናል።

አሠራሩ ራሱ ግን ደስ ይላል። እርሳስ 82 ፕሮቶን አለው፤ ወርቅ 79። ሦስት ፕሮቶን ማውጣት ነው ጉዳዩ። በማፋጠኛው ውስጥ ሁለት የእርሳስ ኒውክለሶች የብርሃንን ፍጥነት ሊነኩ ምንም ያህል ሳይቀራቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይሮጣሉ። ወርቅ የሚወጣው ሲጋጩ ሳይሆን ለጥቂት ሳይነካኩ ሲቀሩ ነው። አጠገብ ላጠገብ ሲተላለፉ፣ 82ቱ ፕሮቶኖች የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ መስክ ሌላኛውን ኒውክለስ በጣም ያናውጠዋል። ሲናወጥ ጥቂት ኒውትሮንና ፕሮቶን ያራግፋል። አንድ ፕሮቶን ከወጣ ታሊየም ይሆናል፣ ሁለት ከወጣ ሜርኩሪ፣ ሦስት ከወጣ ወርቅ። ታሊየምና ሜርኩሪ ከወርቁ በብዛት ይወጣሉ፤ እነሱን ዜና ያደረጋቸው ግን የለም።

ለፊዚክስ ባለሙያዎቹ ይህ ወርቅ ችግር ነው ማለት ይቻላል። የተለወጠው ኒውክለስ ከጨረሩ መስመር ወጥቶ ማሽኑን ይመታል። ምን ያህል እንደሚባክን አስቀድሞ ማወቅ ለማሽኑ ደኅንነትም ለሚቀጥለው ማሽን ዲዛይንም ያስፈልጋል። ጥናቱ በዋናነት የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው።

አንዱን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ መለወጥ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ተዘግቷል። ዛሬ በየጊዜው ዜና እየሆነ የሚመጣው ስለ ወጪና ገቢ ነው። ስንት ኒውክለስ ይለወጣል? ምን ተከፍሎበት? የተገኘውስ ስንት ያወጣል? እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ ያነበበ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣውን ተመሳሳይ ዜና ማንም ሳያስረዳው ይመዝነዋል።

ተራ ብረትን ወርቅ ለማድረግ ይደክሙ በነበሩት በአልኬሚስቶች መሳቅ ቀላል ነው። ግን ሰዎቹ ዓይናቸው ያየውን ነው የተከተሉት። አረንጓዴ ድንጋይ እሳት ውስጥ ገብቶ ቀይ መዳብ ሆኖ ይወጣል። ከእርሳስ ማዕድን ብር ይነጠራል። ይህን ያየ ሰው እርሳስስ ለምን ወርቅ አይሆንም ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በጃቢር ኢብን ሐያን ስም የሚታወቁት የዐረብኛ ጽሑፎች ብረታ ብረቶች ሁሉ ከሜርኩሪና ከድኝ በተለያየ መጠን የተሠሩ ናቸው ይላሉ። ሐሳቡ ከተያዘ፣ መጠኑን ማስተካከል ነው የሚቀረው። ሐኪሙና ፈላስፋው ኢብን ሲና ግን በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህን ተቃውሟል። አልኬሚስቶች ቀለሙን ያስመስላሉ እንጂ ዓይነቱን አይለውጡም ነበር የሚለው። አይዛክ ኒውተን ሳይቀር ስለ አልኬሚ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ቃል ጽፎ ትቷል። ሄኒግ ብራንድ የተባለው የሃምቡርግ ሰው በ1669 ከሽንት ወርቅ አወጣለሁ ብሎ ሲያፈላና ሲያተን ከርሞ ፎስፈረስን አገኘ። ወርቅ ባይሆንም፣ ከሽንት የተገኘ አዲስ ንጥረ ነገር ቀላል ነገር አይደለም።

ያልቻሉበት ምክንያት አሁን ግልጽ ነው። የእንጨት እሳትም ሆነ አሲድ የሚነካው በአቶሙ ዳር ያሉትን ኤሌክትሮኖች ነው። እዚያ ያለው ጉልበት በአቶም ሲሰላ ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ጉልበት የሚለካበት አሃድ) ነው። የንጥረ ነገሩን ማንነት የሚወስኑት ፕሮቶኖች ግን መሐል ላይ ተጣብቀው ተቀምጠዋል። አንዱን ለመንቀል ሚሊዮኖች ኤሌክትሮን ቮልት ይጠይቃል። ምድጃው ምንም ቢግል ሚሊዮን እጥፍ ይጎድለዋል። ለዚህ ነው መዳቡ ከድንጋዩ የወጣው፤ መጀመሪያውኑ ድንጋዩ ውስጥ ስለነበረ። ወርቁ ከእርሳሱ ያልወጣው ደግሞ ስላልነበረበት ነው።

የሚገርመው፣ ለውጡ በራሱ ጊዜ ሁልጊዜም ሲካሄድ የነበረ መሆኑ ነው። በ1901 ሞንትሪያል ውስጥ የፊዚክስ ሊቁ ኧርነስት ራዘርፎርድና ኬሚስቱ ፍሬደሪክ ሶዲ ቶሪየም እያደር ራሱን ወደ ሌላ ንጥረ ነገር እንደሚለውጥ ደረሱበት። ሶዲ ደስታውን መቆጣጠር አቅቶት ይህ እኮ የንጥረ ነገር ለውጥ ነው ሲል፣ ራዘርፎርድ በዚያ ስም እንዳይጠራው ለመነው ይባላል፤ አልኬሚስት ብለው አንገታችንን ይቆርጡናል ብሎ ፈርቶ። ያን ያህል ነበር ስሙ የጠፋው። እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ይህን የምታነብቡበት ሰውነታችሁ ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከእሱ ትንሿ ክፍል ራዲዮአክቲቭ ናት። 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ውስጥ በየሰከንዱ ከ4 ሺህ በላይ የፖታሲየም አቶሞች ወደ ካልሲየምና ወደ አርጎን ይለወጣሉ። ማንም ሳያዛቸው።

ሆን ብሎ መለወጥ የመጣው በ1919 ነው። ራዘርፎርድ ናይትሮጅንን በአልፋ ቅንጣት (በሂሊየም ኒውክለስ) ሲመታ ፕሮቶን ሲወጣ አየ። የተከሰተውን በትክክል ያሳየው ግን ፓትሪክ ብላኬት ነው፣ በ1925። ብላኬት 23 ሺህ ያህል ፎቶ አንስቶ 400 ሺህ የሚደርሱ የቅንጣት ዱካዎችን መረመረ። ከዚያ ሁሉ መካከል ናይትሮጅን ወደ ኦክስጅን ሲለወጥ የታየው 8 ጊዜ ብቻ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ኒውክለስ ከአቶሙ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ የመጣበትን ፕሮቶን ሁሉ ይገፋል። ስለዚህ የሚተኮሰው ቅንጣት ከሞላ ጎደል ሁሉም ይባክናል።

በዚያው ዘመን አንድ አስተማሪ ታሪክ ተፈጠረ። በ1924 በርሊን ውስጥ አዶልፍ ሚየት የተባለ የታወቀ ፕሮፌሰር በሜርኩሪ መብራት ውስጥ ወርቅ ማግኘቱን አስታወቀ። ኤሌክትሪኩ ሜርኩሪውን ወርቅ አድርጎታል ነው ያለው። በቶኪዮም ሃንታሮ ናጋኦካ የተባለው ትልቅ የፊዚክስ ሊቅ ተመሳሳይ ነገር አወጀ። ሁለቱም ተራ አጭበርባሪዎች አልነበሩም። ሜርኩሪ 80 ፕሮቶን ስላለው የወርቅ ጎረቤት ነው፤ አንድ ብቻ ነው የሚለያቸው። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያስኬድ ነበር። ኬሚስቱ ፍሪትዝ ሃበርና ሌሎች በጥንቃቄ ሲመረምሩት ግን ወርቁ ከሌላ ቦታ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሜርኩሪ ወርቅን በቀላሉ የሚያሟሟ ፈሳሽ ነው፤ ተጣርቶም ቢሆን ጥቂት ወርቅ ይዞ ይገኛል። ፕሮፌሰሮቹ ያገኙት ቀድሞውኑ የነበረውን ነው። የኤሌክትሪክ መብራት ከምድጃ ቢበልጥም የኒውክለስን ደጃፍ አይደርስም።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ1941 ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሜርኩሪን በፈጣን ኒውትሮን መትተው ወርቅ አወጡ። ያገኙት ወርቅ ግን በሙሉ ራዲዮአክቲቭ ነበር፤ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይጠፋል። በ1980 ደግሞ የግሌን ሲቦርግ ቡድን ካሊፎርኒያ ውስጥ በርክሌይ ላይ ቢስመዝን በካርቦንና በኒዮን ኒውክለሶች መትቶ ወርቅ አገኘ። ያኔ አንድ አውንስ ወርቅ ገበያ ላይ በአማካይ 600 ዶላር ገደማ የሚያወጣበት ጊዜ ነበር። ሲቦርግ በዚህ መንገድ አንድ አውንስ ለማምረት ከኳድሪሊዮን ዶላር በላይ እንደሚፈጅ ገምቶ ነበር። 1 ቁጥርን ጽፋችሁ አሥራ አምስት ዜሮ ደርድሩበት።

ወደ ፍሬ ነገሩ የምንገባው በኒውትሮን በኩል ነው። ኒውትሮን ኤሌክትሪክ ስለሌለው ኒውክለሱ አይገፋውም። ዝም ብሎ ይገባል። በማፋጠኛ አማካይነት ፕሮቶንን በጉልበት ከማስገባት ይልቅ በኒውትሮን መሥራት እጅግ ይረክሳል። ችግሩ ኒውትሮን ሜዳ ላይ አይገኝም። ዋናው ምንጭ የኒውክሌር ሪአክተር ነው። አንድ የዩራኒየም 235 (ቁጥሩ በኒውክለሱ ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ድምር ነው) አቶም ሲሰነጠቅ በአማካይ 2.4 ያህል ኒውትሮን ይለቅቃል። አንዱ የግድ ሰንሰለቱን ለማስቀጠል ይውላል። ከቀረው ላይ የተወሰነው ይባክናል። የተረፈችው ናት እንግዲህ የምትመነዘረው። ኒውትሮንን እንደ ገንዘብ ካያችሁት የዘርፉ ክርክር ሁሉ ይገባችኋል፦ ይህችን ጥሬ ገንዘብ ምን ላይ እናውላት?

ትልቁ ወጪ ማንም ሳያስብበት እየወጣ ነው። ሪአክተር ውስጥ ያለው ዩራኒየም 238 ኒውትሮን ሲውጥ በመጨረሻ ፕሉቶኒየም ይሆናል። አንድ ተራ የኃይል ማመንጫ ከሚያወጣው ኃይል አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚመጣው እዚያው ከተፈጠረው ፕሉቶኒየም ነው። በዓለም ዙሪያ በዓመት በአሥሮች ቶን የሚቆጠር ፕሉቶኒየም በዚህ መንገድ ይፈጠራል። የሰው ልጅ ንጥረ ነገርን በብዛት የሚለውጠው እዚህ ነው። ከሰርን 29 ፒኮግራም ጋር አስተያዩት።

ወደ ወርቁ እንመለስ፤ ምክንያቱም በጁላይ 2025 ከሰርኑ የተለየ ዜና መጥቷል። ማራቶን ፊውዥን የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ጀማሪ ኩባንያ ወደፊት በሚሠሩ የፊውዥን (ቀላል ኒውክለሶችን በማዋሃድ የሚሠሩ) ኃይል ማመንጫዎች ውስጥ ሜርኩሪን ወደ ወርቅ መለወጥ እንደሚቻል የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። በወቅቱ ጽሑፉ በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሞ አልታተመም ነበር። ሐሳቡ ግን እንደ ሚየት መብራት የሚጣል አይደለም። ፊውዥን የሚያወጣው ኒውትሮን በጣም ፈጣን ነው። ሜርኩሪ 198ን ሲመታው አንዱ ኒውትሮን ገብቶ ሁለት ይወጣሉ። የሚቀረው ሜርኩሪ 197 ነው። እሱም በ64 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚለወጥበት ጊዜ) ወደ ወርቅ 197 ይለወጣል። ይህ ደግሞ ጣታችን ላይ የምናስረው፣ ብቸኛው የማይበሰብሰው (በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ የማይለወጠው) ወርቅ ነው።

ኩባንያው ለአንድ ጊጋዋት ኤሌክትሪክ በዓመት 5 ቶን ወርቅ ይወጣል ይላል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥርጣሬ ነው፤ ስለዚህ ሂሳቡን ሠራሁት። አንድ ጊጋዋት ኤሌክትሪክ ለማውጣት ወደ 2.5 ጊጋዋት ሙቀት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፊውዥን 17.6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣል። በዓመት ውስጥ የሚወጣውን ኒውትሮን ቆጥራችሁ እያንዳንዱ አንድ የወርቅ አቶም ቢፈጥር ውጤቱ 9 ቶን ገደማ ይሆናል። 5 ቶን ማለት ከኒውትሮኖቹ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጡት ተሳካላቸው ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከአየር የተዘገነ አይደለም።

የሐሳቡ ብልሃትም ኒውትሮኗን የማያስከፍል መሆኑ ላይ ነው። የፊውዥን ማመንጫ ነዳጁን ትሪቲየምን (ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነት) እዚያው ከሊቲየም ማራባት አለበት። ለዚያ ደግሞ አንዱን ኒውትሮን ሁለት የሚያደርግ ነገር ያስፈልገዋል። እስከ ዛሬ ለዚህ የታሰቡት ቤሪሊየምና እርሳስ ናቸው። ማራቶን በቦታቸው ሜርኩሪ ይግባ ነው የሚለው። ኒውትሮኑ ይባዛል፤ ወርቁ እግረ መንገዱን ይገኛል።

አሁን ደግሞ ሌላኛውን ዓምድ እንይ። መጀመሪያ ነገር፣ ኤሌክትሪክ እየሸጠ የሚኖር የፊውዥን ማመንጫ በዓለም ላይ አንድም የለም። ሁለተኛ፣ ሜርኩሪ 198 ከተፈጥሮ ሜርኩሪ 10 ከመቶ ብቻ ነው። እሱን ለይቶ ማውጣት ራሱን የቻለ ከባድ ኢንዱስትሪ ይጠይቃል። ሳይለዩት ቢያስገቡት ሌሎቹ አይሶቶፖች (የኒውትሮን ቁጥራቸው የተለያየ የሜርኩሪ ዓይነቶች) ኒውትሮኑን ይሻማሉ፤ ራዲዮአክቲቭ ወርቅም ይደባለቃል። ከእነዚህ ወርቅ 195 ግማሽ ዕድሜው 186 ቀን ነው። ኩባንያው ራሱ ወርቁ ለሰው እጅ ሳይደርስ ከ14 እስከ 18 ዓመት መቀመጥ ሊኖርበት ይችላል ብሏል። 18 ዓመት ካዝና ውስጥ የሚቀመጥ ወርቅ ያለ ምንም ወለድ የታሰረ ገንዘብ ነው።

በ2025 መጨረሻ አካባቢ በነበረው፣ በአውንስ የ4 ሺህ ዶላር ዋጋ ካሰብነው 5 ቶን ወርቅ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል። ለአንድ ማመንጫ ቀላል ገቢ አይደለም። የወርቅ ገበያውስ ይናጋል ወይ? የዓለም ማዕድን ማውጫዎች በዓመት 3,600 ቶን ገደማ ያወጣሉ። አንድ መቶ እንዲህ ዓይነት ማመንጫ ቢሠራ 500 ቶን ይጨመራል። ዋጋውን ይጫነዋል እንጂ አፈር አያደርገውም። እኔ ሐሳቡን የማየው እንደ ወርቅ ፋብሪካ ሳይሆን እንደ ኢንቨስተር ማሳመኛ ነው። ፊውዥን ውድ ነው፤ ወጪውን የሚያካክስ ሁለተኛ ገቢ ያስፈልገዋል። ፊውዥን ካልሠራ ወርቁም የለም።

ንጥረ ነገርን መለወጥ ዛሬ በትክክል ገንዘብ የሚያመጣው ሌላ ቦታ ነው። ጥቂቷ ብዙ በምትሸጥበት ቦታ። ለፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና በአሜሪካ በ2022 የተፈቀደውን የሉቴሺየም 177 መድኃኒት ውሰዱ። ይትርቢየም 176 ኒውትሮን ይውጥና ብዙም ሳይቆይ ሉቴሺየም ይሆናል። ለአንድ ጊዜ ሕክምና ታካሚው ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ሉቴሺየም 177 ሁለት ማይክሮግራም እንኳ አይሞላም። በወርቅ ዋጋ ቢተመን ሳንቲምም አያወጣ። ለታካሚው ግን ዕድሜ ነው። ሆስፒታሎች ለልብና ለአጥንት ምርመራ የሚጠቀሙበት ቴክኒሺየም 99ኤምም እንደዚሁ ነው፤ ሞሊብደነም 99 እየተለወጠ ይሰጠዋል። ሞሊብደነሙ በ66 ሰዓት በግማሽ ስለሚቀንስ ማከማቸት አይቻልም። በ2009 እና በ2010 ካናዳና ኔዘርላንድስ ያሉ ሁለት ያረጁ ሪአክተሮች ለጥገና ሲቆሙ በብዙ አገሮች ምርመራዎች የተሰረዙት ለዚህ ነው።

ሲሊከንም አለ። ለከፍተኛ ኃይል መቆጣጠሪያ የሚሠሩ አንዳንድ ሲሊከኖች ሪአክተር ውስጥ ገብተው ይቆያሉ። ከሲሊከን አቶሞች 3 ከመቶ ያህሉ ሲሊከን 30 ናቸው። ከእነሱ ጥቂቶቹ ኒውትሮን ውጠው በሰዓታት ውስጥ ፎስፈረስ ይሆናሉ። ለሲሊከኑ አሠራር የሚያስፈልገው ፎስፈረስ ከውጭ ቢጨመር አንዱ ጋ በዝቶ አንዱ ጋ ያንሳል። በዚህ መንገድ ሲሆን ግን እኩል ይሰራጫል።

በጣም የሚያከራክረው ግን የተገላቢጦሹ ሥራ ነው። ከሪአክተር የሚወጣውን አደገኛ ዝቃጭ ወደማይጎዳ ነገር መለወጥ። በወረቀት ላይ ያምራል። ቴክኒሺየም 99 ግማሽ ዕድሜው 211 ሺህ ዓመት ነው። አንዲት ኒውትሮን ብትሰጡት ቴክኒሺየም 100 ይሆንና በ16 ሰከንድ ገደማ ግማሹ ወደማይበሰብሰው ሩተኒየም ይለወጣል። አሜሪሲየምን የመሰሉ ከባዶቹም በፈጣን ኒውትሮን ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ደጋፊዎቹ መቶ ሺህ ዓመታት ይፈልግ የነበረውን ጥበቃ ወደ 300 ዓመት እናወርደዋለን የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው።

300ው ከየት መጣ? ሲዚየም 137 እና ስትሮንሺየም 90 ግማሽ ዕድሜያቸው 30 ዓመት አካባቢ ነው። ኒውትሮን ግን አይወዱም፤ በቀላሉ አይውጡም። ስለዚህ እነሱን መጠበቅ እንጂ መለወጥ አያዋጣም። አሥር ግማሽ ዕድሜ 300 ዓመት ነው። አዮዲን 129ም በ16 ሚሊዮን ዓመት ግማሽ ዕድሜው አለ፤ የሚለወጥበት ቅርጽ ማዘጋጀቱ ራሱ አስቸጋሪ ነው። ከሁሉም በፊት ዝቃጩን በኬሚካል መለያየት ያስፈልጋል። ቀድሞ በመስታወት ውስጥ የታሸገውን ደግሞ እንደገና ለመክፈት የሚደፍር መንግሥት ይኖራል ብዬ አላስብም። የመቅበሪያ ጉድጓዱ አይቀርም፤ ምናልባት ያንሳል።

ኒውትሮኗን ከየት እናምጣ የሚለው እዚህም ይመጣል። ቤልጂየም ውስጥ ሞል ላይ እየተገነባ ያለው ሚራ የተባለው ፕሮጀክት መልሱን ከማፋጠኛ ይፈልጋል። የቤልጂየም መንግሥት በ2018 ለዚህ 558 ሚሊዮን ዩሮ መድቧል። የፕሮቶን ጨረር በቀለጠ እርሳስና ቢስመዝ ላይ ይተኮሳል፤ ከዚያ የሚረጨው ኒውትሮን ራሱን ችሎ መቀጠል የማይችል ሪአክተርን ያነዳል። ጨረሩ ከቆመ ሪአክተሩም ይቆማል። ለደኅንነት ጥሩ ነው። ግን ጨረሩ በቆመ ቁጥር ብረቱ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ሲመለስ በድንገት ይግላል፤ ይህ ሲደጋገም ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ለራሳቸው ያስቀመጡት ገደብ ጨረሩ ከ3 ሰከንድ በላይ የሚቋረጠው በሦስት ወር ውስጥ ቢበዛ 10 ጊዜ እንዲሆን ነው። አብዛኞቹ የምርምር ማፋጠኛዎች ከዚህ እጅግ በበዛ ጊዜ ይቋረጣሉ። ለዚህ ነው ቤልጂየማውያኑ ሪአክተሩን ለኋላ አቆይተው መጀመሪያ የማፋጠኛውን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ እየገነቡ ያሉት።